ጎንደር ማታ፦ አዝማሪ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ከዚያም ወዲያ የምታውቁ ጨምሩበት

አራዳ ማዶ፦
ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ቀን ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ዞሮ ማታ ሆቴሉ ገብቶ ዋይፋይ ይፈልጋል። የከተማው ጨዋታ ግን የሚነሳው ከራት በኋላ ነው። «የት ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ እየደጋገመ ስለሚመጣ እዚህ ይሰብሰብ። የቤት ስም አልጠራም። አዝማሪ ቤት ዘንድሮ ተከፍቶ በዓመቱ ሥጋ ቤት ሆኖ ይገኛል፤ ስም ከመሸምደድ ዓይነቱን መለየት ይሻላል።

«የባህል ቤት» እና አዝማሪ ቤት አንድ አይደሉም። የባህል ቤት መድረክ አለው፣ ኪቦርድ አለው። ተወዛዋዦቹ ልብስ እየቀያየሩ የጎንደሩን፣ የጎጃሙን፣ የወሎውን ያሳያሉ፤ እንግዳው ይበላል፣ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። አዝማሪ ቤት ደግሞ ሳሎን የሚያህል ክፍል ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ መሬቱ ላይ ቄጤማ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አንዲት ዘፋኝ። መድረክ የለም። ዘፋኟ ፊታችሁ መጥታ ትቆማለች፣ ስማችሁን ትጠይቃለች፣ ከዚያ ስለ ሸሚዛችሁ፣ ስለ ሆዳችሁ፣ አብራችሁ ስለመጣችው ልጅ ግጥም ትደረድራለች። ዝም ብሎ ለማየት የሚገባ ሰው የተሳሳተ ቤት ገብቷል። እዚያ ቤት እንግዳውም ሥራ አለው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ብትደርሱ ወንበሩ ባዶ ነው። የሚሞቀው ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የገባው ሰው ሁሉ ስለማይመለስ ያ ማታ ከሁሉም ይሻላል።

ባጃጅ ላይ ተቀምጣችሁ «አዝማሪ ቤት ውሰደኝ» አትበሉ፤ ኮሚሽን የሚከፍለው ቤት ነው የሚያደርሳችሁ። የሆቴሉን ዘበኛ ወይም ራት ያቀረበችላችሁን ልጅ «እናንተ ስትዝናኑ የት ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መመለሻውንም ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ፦ የባጃጁን ሾፌር ስልክ ያዙ፣ ዋጋ ተነጋገሩ። ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ እንደ ጸጥታው ሁኔታ ይለዋወጣልና በዚያው ቀን ጠይቁ። መታወቂያ ኪስ ውስጥ ይሁን። ጃኬትም አትርሱ፤ ከተማው ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ከሞቀ ቤት ወጥቶ ብርድ መጋፈጥ ጠጅ ለጠጣ ሰው አይመችም።

ብርሌ፦
ስለ ጠጅ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ጠጅ ቤት የማታ ቤት አይደለም። ከሰዓት በኋላ ነው የሚሞላው፤ ወደ ማታ 1 ሰዓት ላይ መበተን ይጀምራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጠጅ ቤት፣ ራት፣ ከዚያ አዝማሪ ቤት ነው። በባዶ ሆድ ከጠጅ ቤት ወደ አዝማሪ ቤት የተሻገረ ሰው 4 ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል።

ጠጅ ማር፣ ውሃና ጌሾ ነው። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፣ ጌሾ ይገባበታል፣ ሳምንታት ይፈላል። «ደረቅ» የሚባለው ማሩ በመፍላት አልቆ ጣፋጭነቱ የጠፋው ነው፤ «ለስላሳ» ገና ጣፋጩ ያለበት፤ «መካከለኛ» ስሙ እንደሚለው። ጀማሪ ሰው ለስላሳ ያዝዝና እንደ ጭማቂ ያወርደዋል። ጉዳቱ ከዚህ ይመጣል፤ ጣፋጩ ኃይሉን ይሸፍነዋልና ብርሌው ሲቆጠር ሦስት፣ አራት ሆኖ ይገኛል። ደረቁ ምላስ ስለሚይዝ ራሱ ያዘገያችኋል።

ማር ሲወደድ ስኳር የሚቀላቅል ጣይ አይጠፋም። ብርሌውን በመዳፋችሁ ትንሽ አሙቁትና አፉን አሽትቱ። የማር ሽታ ካልመጣ፣ ቀለሙ ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ ጠርጥሩ። አያያዙም አለው፦ የብርሌን አንገት በአውራ ጣትና በሁለት ጣት ነው፤ ሆዱን ጨብጦ የሚጠጣ ሰው ጠጁን ያሞቀዋል። የማይጠጣ ሰው ብርዝ ይዘዝ፤ ገና ያልፈላ የማር ውሃ ነው፣ ማንም አያፍርበትም።

ጎንደር ላይ ሊቀመስ የሚገባው ሌላው ኮረፌ ነው። ከገብስ የሚጠመቅ የዚሁ አካባቢ መጠጥ ነው፤ አዲስ አበባ ዞሮ የሚፈልገው ሰው በቀላሉ አያገኘውም። ጠላ ቤት ደግሞ ደጃፉ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፍቶበት ታዩታላችሁ። አረቄ በመለኪያ ነው፤ ከቤት ቤት ኃይሉ ስለሚለያይ ከአንድ መለኪያ በኋላ ሩብ ሰዓት ታገሡ። ጠጅ ላይ ቢራ፣ ቢራ ላይ አረቄ የሚደራርብ ሰው በማግስቱ ግንብ መጎብኘቱን ይርሳው።

ቅኝት፦
አራዳ ማዶ «እንግዳውም ሥራ አለው» ያለውን ላብራራ።

እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ለሴቷ «ተቀበይ!»። አዝማሪው «እሺ» ብሎ ማሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል፣ እንግዳው አንድ መስመር ይሰጣል፣ አዝማሪው በዜማ ይደግማታል፣ ከዚያ ሁለተኛው መስመር። መስመሩ ከዜማው ጋር ካልገጠመ አዝማሪው ራሱ ያስተካክለዋል፣ ቤቱም ይስቃል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በርዝመት ነው። የተለመደው የወል ቤት የሚባለው ልክ ነው፦ አንዱ መስመር 12 ቀለም (በአንድ ድምፅ የሚባል የቃል ክፋይ፤ «ጋር» አንድ ነው)፣ 6 ላይ እረፍት። እንዲህ ያለ ነገር አትስጡ፦

ዛሬ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አዝማሪ ቤት መጥቼ

ይህ 16 ቀለም ነው፤ ማረፊያም የለው። ሐሳቡን ይዞ ማሳጠር፦

ከወዳጄ ጋራ / መጣሁኝ ከቤትሽ

6 እና 6። በጣት እየቆጠራችሁ በሉት፤ ቶሎ ጆሮ ይለምደዋል። ወርቅ ያለበት ከሆነ ደግሞ ቤቱ ይነሳል። ወርቅ ለመሥራት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የጎንደር ሰፈሮች ስም ራሱ ይረዳል፦

ከፒያሳ ወጥቼ ስሄድ ወደ ቤቴ
ማራኪ ያዘችኝ ዛለብኝ ጉልበቴ

ሰሙ ማራኪ ሰፈር ላይ የደከመው መንገደኛ ነው። ወርቁን መተርጎም ለቤቱ ተዉት፤ ገጣሚው ራሱ ከተረጎመው ጨዋታው አለቀ።

የማይነካ ነገርም አለ። ፖለቲካና ብሔር «ተቀበል» ብላችሁ አትስጡ። እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፣ አዝማሪው ግን እዚያው ነው የሚኖረው። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለን ሰው የሚነካ ግጥም ለማዘዝ ገንዘብ መስጠትም ጠብ መግዛት ነው። አዝማሪው ሲሰድባችሁ ግን ሳቁ፤ የተሰደበው የተመረጠ ነው። ለመመለስ ከፈለጋችሁ በግጥም፣ ካቃታችሁ በሽልማት።

ለጆሮ ብቻ የምትሄዱ ደግሞ፦ ቅኝቶቹ አራት ናቸው፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ ነው። ቀላሉ መለያ ትዝታ ነው፦ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። አምባሰል ዶ ብሎ ወዲያው ግማሽ እርምጃ ብቻ ይወጣና ወደ ፋ ይዘላል፤ ያ ጠባብ እርምጃ ነው ሆድ የሚያባባው። አንቺ ሆዬም እንደዚያው ይነሳል፣ ነገር ግን ሶሉ ዝቅ ስለሚል ላልለመደ ጆሮ «የተሳሳተ» ይመስላል። አልተሳሳተም።

አዲስ መጪ፦
ለሽልማት ስንት ይዞ መሄድ ይበቃል? በእጅ ነው ወይስ ግንባር ላይ?

ሳሙና በር፦
መጠኑ እንደ ኪሳችሁ ነው፤ ዋናው ግን አዘረዛዘሩ ነው። 500 ብር በአንድ ጊዜ ከመስጠት በ50 ብር አሥር ጊዜ መስጠት ይሻላል። አንድ ጊዜ የሰጠ ሰው አንድ ጊዜ ይመሰገናል፣ ከዚያ ይረሳል። ስለዚህ ቀን ባንክ ወይም ሱቅ ዘርዝሩ፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ባለ 200 ብር ይዞ «መልስ ስጪኝ» ማለት ያሳፍራል። ብዙ ጊዜ መጠጡ የቤቱ ነው፣ ሽልማቱ የአዝማሪው። ትንሽ ጠጥቶ ደህና የሚሸልም እንግዳ ይወደዳል፤ አሥር ቢራ ጠጥቶ ያልሸለመ ግን በግጥም ይነገረዋል።

ግንባር ላይ መለጠፍ የቆየው ወግ ነው፤ ለማሲንቆ መቺው ዛሬም ያምራል። ለዘፋኟ በእጅ ስጡ። ልብሷ ውስጥ ለመሸጎጥ የሚሞክር ሰው አለ፤ ይህ ባህል አይደለም፣ ብልግና ነው።

አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት የራሳቸው ድብቅ ቋንቋ እንዳላቸው ደግሞ እወቁ። ስለ ኪሳችሁ እያወሩ ሊሆን ይችላል። በየጠረጴዛው ገንዘብ እያወጣችሁ አትቁጠሩ።

ብቻቸውን ለሚሄዱ ሴቶች፦ ሁለት ሆኖ መሄድ ይሻላል። በሩ አጠገብ ሳይሆን ዘፋኟ በምትመላለስበት በኩል ተቀመጡ። እንግዳ ሰው መጠጥ ቢልክ ተቀብሎ ሳይጠጡ ማስቀመጥ ነውር የለውም። ሰውዬው ካላቆመ ለቤቱ ባለቤት ንገሯት፤ ብዙ ቤት የሚመራው በሴት ነው፣ ሰው ማስወጣት ታውቅበታለች።

እስክስታው ይመጣባችኋል። ዘፋኟ ፊታችሁ ቆማ ትከሻዋን ስትሰብቅ መነሳት ግዴታ አይደለም፣ ድንጋይ መሆን ግን ያሳፍራል። የጀማሪ ስህተት ትከሻን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ያኔ እስክስታ ሳይሆን «አላውቅም» የሚል ሰው ትመስላላችሁ። ትከሻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ጉልበት ላላ ይበል፣ እጅ ወገብ ላይ፣ አንገት ነጻ። ትንፋሹን በጥርስ መካከል «እስ፣ እስ» እያላችሁ ከከበሮው ጋር አስወጡት፤ ትንፋሹ ከገባ ትከሻው ይከተላል።

ጭራና ደጋን፦
የማሲንቆን ድምፅ የሚያበላሸው ድምፅ ማጉያው ነው፤ ይህን ሳይናገር ያለፈ ሰው አዝማሪ ቤት አልገባም።

ማሲንቆ አውታሩ አንድ ነው፤ ያ አንድ አውታር ግን የብዙ ፈረስ ጭራ ጥቅል ነው። ጣት አውታሩን ከአንገቱ እንጨት ጋር አይጫነውም፣ ከጎኑ ነካ ነው የሚያደርገው። ያ የሚያለቅስ ድምፅ ከዚያ ነው የሚወጣው። አሁን በብዙ ቤት ማሲንቆው ላይ ፒክአፕ (ድምፅ የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ) ተለጥፎ ከኪቦርዱ ምት ጋር በአንድ ስፒከር ይለቀቃል። ያኔ የጭራው ፍቅፋቂ፣ የደጋኑ ትንፋሽ ሁሉ ይጠፋና ሳይረን የሚመስል ነገር ይቀራል። መፍትሔው ቀድሞ መግባት ነው። 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሰው ሳይሞላ፣ አዝማሪውን ሸልሙና «እስኪ ያለ ማይክ» በሉት። ደስ ይለዋል እንጂ አይቆጣም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትውጡ፤ ማታው የሚያምረው ያኔ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቅኝቱ ቶሎ ቶሎ ቢወርድ አትፍረዱ። ቆዳው እርጥበት ይጠጣል፣ ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። አዝማሪው በየመሐሉ ከሰል ምድጃ አጠገብ የሚያቀርበው ለዚህ ነው።

በስልክ ለመቅዳት መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ለብቻው ሽልማት። ስልኩን አውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉ፣ የታጠፈ ነጠላ ላይ አስተኙት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት የብርጭቆው ንዝረት ይገባበታል። ከስፒከሩ ፊት ለፊት ከሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በጎን በኩል፣ ሁለት ሜትር ራቅ። ሌሎች እንግዶች ፊታቸው እንዳይገባ። ሰው በሚስቱ ፊት የማይደገም ግጥም ተገጥሞለት በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ካየው እናንተን አይምራችሁም።

ማሲንቆ ለመግዛት፦ ግንቡ አካባቢ የሚሸጡት አብዛኞቹ ለግድግዳ ናቸው። መለያው ይኸው። መቃኛውን ጠምዝዙና ልቀቁት፤ ተመልሶ ከተፈታ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ቅኝት አይዝም። ቆዳውን በጥፍር ምቱት፤ ከበሮ ከመሰለ ደህና ነው፣ ካርቶን ከመሰለ ተዉት። አንገቱን እንደ ጠመንጃ በአንድ ዓይን አነጣጥራችሁ እዩ፣ ከተጣመመ አውታሩ በአንድ በኩል ይነካል። ናይለን ክር የታሰረበት ከሆነ ጌጥ ነው። የደጋኑ ጭራ እጣን ካልተቀባ ምንም ድምፅ አይሰጥም፤ ብዙ ሰው «የተበላሸ ሸጡልኝ» የሚለው ይህን ሳያውቅ ነው።

ደብረ ፀሐይ፦
ስለ ወቅቱ ማንም አላነሳም። ሁዳዴ ላይ ለአዝማሪ ብሎ ጎንደር የሚመጣ ሰው ትኬቱን አባከነ። 55ቱን ቀን ማሲንቆ ይሰቀላል፤ የተከፈተ ቤት ቢገኝም ስፒከር የሚያስጮህ ቡና ቤት ነው። በፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ እንዲሁ ይቀዘቅዛል። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ሠርግ ነው፦ ጥሩ ጥሩ አዝማሪዎች ቅዳሜና እሑድ ድንኳን ውስጥ ናቸው፣ ቤቱ የሚቀረው ለጀማሪ ነው። በሠርግ ወራት ከሆነ የመጣችሁት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሂዱ።

የከተማው ትልቁ የሌሊት ጉባኤ ግን አዝማሪ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጥር 10 ሌሊት ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ነው። ታቦታቱ በከተራ ወርደው እዚያው ያድራሉ፣ ካህናቱ በጸናጽል፣ በከበሮና በመቋሚያ ሌሊቱን ያድሩበታል። መግቢያ አይከፈልበትም። ነጠላ ልበሱ፣ ሳትጠጡ ሂዱ፣ ፍላሽ አታብሩ። ጥሩው ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ጠዋት ገንዳው አካባቢ የሚሠሩ የእንጨት ርብራቦች ላይ አትውጡ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት አንዱ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ዳር ላይ፣ መሬት ላይ ቁሙ። የጥምቀት በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ መጪው በዝቷል፤ አልጋ ከኅዳር ጀምሮ ያዙ።

አዲስ መጪ፦
ለማይጠጣና ለማያመሽ ሰውስ?

ወለቃ መንገድ፦
ያልተወራለት አለ። ንጋት ላይ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ላሊበሎች በር ለበር ይዘምራሉ፤ ብዙ ጊዜ ወንድና ሴት ሆነው። የሰፈሩን ሰው ስም ቀድመው ጠይቀው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ስማችሁ ሲጠራ አትደንግጡ። ገንዘብ ካገኙ ይመርቃሉ፣ ካላገኙ የሚሉትን ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ፒያሳ ያለ ሆቴል ድረስ አይመጡም፤ የሰፈር ውስጥ ማረፊያ ያስፈልጋል።

ፒያሳ ማታ ለፎቶ ጥሩ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የሠራቸው ክብ ክብ ማዕዘን ያላቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ ጭምር፣ በጎን ብርሃን ነው የሚያምሩት። ስልኩን አጥር ላይ አስደግፉት፣ በሦስት ሰከንድ ቆጣሪ አንሱ። ፖሊስ፣ ወታደር፣ ኬላ፣ ባንክ ፍሬሙ ውስጥ አይግባ።

ሥዕል ለሚገዛ፦ «ብራና ነው» የሚባለውን ወደ ብርሃን አንሱት። እውነተኛ ብራና የጠጉር ነቁጥና የደም ሥር ያሳያል፣ ጠርዙም ራሱን ይጠቀልላል። በቡና የተነከረ ወረቀት አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ ሲታጠፍ መስመር ይይዛል። ከመግዛታችሁ በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ የጣሪያውን መላእክት ዓይን እዩ፤ ከዚያ በኋላ የችኮላ ሥራ ዓይናችሁ ውስጥ አይገባም። የሸክላ ምስል ከፈለጋችሁ በደባርቅ መንገድ ወለቃ ናት፣ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት የነበረችው። ሸክላው በደንብ ካልተተኮሰ ሻንጣ ውስጥ ይፈረካከሳል፤ በጣት ቆርቆር አድርጉት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ሌላ ምረጡ።

አራዳ ማዶ፦
ወለቃ መንገድ፣ ላሊበሎቹን ረስቼ ነበር፣ ጥሩ አነሳኸው። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፦ ጭራና ደጋን «ያለ ማይክ» በሉት ባለበት በ2 ሰዓት ተኩል ላይ ዋናው አዝማሪ ገና አልመጣም። በዚያ ሰዓት የሚጫወተው ደቀ መዝሙሩ ነው።

ጭራና ደጋን፦
ልክ ነህ፣ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። ግን ደቀ መዝሙሩን አትናቀው። ብዙዎቹ ከቡርቧክስና ከዙሪያው ከአዝማሪ ቤተሰብ የመጡ ናቸው፣ ማሲንቆ ከልጅነት የያዙ። ዋናው ሲገባ ኪቦርዱም አብሮት ይገባል። ሁለቱንም ለመስማት 2 ሰዓት ተኩል ገብቶ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ስፒከሩን በጎን አድርጎ ተቀምጦ፣ አንድ ደረቅ ብርሌ ይዞ ማዝገም ነው።

አዲስ መጪ፦
ተይዟል። ቅዳሜ ነው። 50፣ 50 ብር ዘርዝሬያለሁ፤ ግጥሙን ግን እየቆጠርኩ 7 ላይ እየወጣብኝ ነው።

ቅኝት፦
እዚህ ጻፈው፣ አንዷን ቀለም እናወልቅልሃለን።